ለእትዬ አስካለ የተሠራው ማጉያ

ከሥራ ያስወጣኝ ጆሮዬ ነው። ሌላው አካላቴ ደህና ነው፤ እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኔም መነጽር ካደረግኩ ፀጉር የምታክል ሽቦ ትለያለች። ካማው የሚባል፣ ናይሮቢ ዌስትላንድስ ሰፈር ውስጥ የድሮ ዘፈን ብቻ የሚጫወትበት ባር ያለው የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ ግን፣ ጠግኜ፣ ፈትሼ፣ «ጸጥ ብሏል፣ ውሰደው» ብዬ የሰጠሁትን የድምፅ ማጉያ በማግስቱ ተሸክሞ መጣ።

«ምዜ፣ ይኼ ነገር ያጉረመርማል» አለኝ፤ በስዋሂሊ ሽማግሌን የሚጠሩት እንዲህ ነው።

አልተቀበልኩትም። ማጉያውን አበራሁ፣ ስፒከሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ምንም የለም። ካማው ያየኛል። እልህ ያዘኝና ከጎናችን ጨርቅ የሚሸጠውን ሶማሌ ጠርቼ እስቲ ስማ አልኩት። ሰውዬው ገና ደፉን ሳያልፍ «አዎ፣ እምምም ይላል» አለ። እኔ ጆሮዬን ለጥፌ ያጣሁትን እሱ ከበሩ ላይ ሰማው። በዚያው ወር ኢስትሊ ያለችውን የሥራ ክፍሌን ቁልፍ ለባለቤቱ መልሼ፣ ዕቃዬን በሁለት ካርቶንና በአንድ የእንጨት ሣጥን አድርጌ ኪሊማኒ ልጄ ዘንድ ገባሁ። ካርቶኖቹ ውስጥ ያለው መሣሪያ ነው፤ ለሚፈልግ ሰው እሰጠዋለሁ። ይህን የምጽፈው ሣጥኑ ውስጥ ስላለው ማጉያ ነው።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። የድሮ ማጉያ የሚሠራው በቫልቭ ነው፤ ልጆች ሳለን የሬዲዮ አምፖል እንለው የነበረው ማለት ነው። እያንዳንዱ ቫልቭ ውስጥ የሚግል ቀጭን ክር አለ። ማሞቂያ እንለዋለን፤ እሱ ካልጋለ ቫልቩ ሬሳ ነው። ለማሞቂያው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ታዲያ በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ስለሆነ፣ ሽቦው በደንብ ካልተዘረጋ መመላለሱ ሙዚቃው ውስጥ ይገባና ከሥር እምምም እያለ ይኖራል። በሙያችን ሃም ይባላል። ብዙ ሰው ይለምደዋል፤ ለምዶትም መኖሩን ይረሳዋል። እኔ ግን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እሱን ሳባርር ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ክፍል ነው። እዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር የመጋዘን ቅጽ አሞላል ነው። ቀጥሎ ናይሮቢ መጥቼ ዌስትላንድስ በሚገኝ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ በመኪኖች ላይ የመገናኛ ሬዲዮ ስገጥም አራት ዓመት ቆየሁ። ደመወዙ ጥሩ ነበር። አለቃዬ መልካም ሰው ሆኖ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ የሚቆጥር ስለነበር፣ አንድ አንቴና ሰቅዬ ሦስት ገጽ እጽፍ ነበር። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ወደ ኢስትሊ ወረድኩ፤ ጋሽ ውብሸትንም ያገኘኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ጋሽ ውብሸት የጦር ሠራዊት የመገናኛ ባለሙያ ነበሩ። መንግሥት ሲወድቅ በሞያሌ በኩል በእግራቸው ወጥተው፣ የስደተኛ ወረቀታቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው። ቁጣቸው ግን ቶሎ ይበርዳል። አገራቸው መግባት ስለማይችሉ እኔ በገባሁ ቁጥር አምጣልኝ የሚሉት በርበሬ ወይም ሽሮ አልነበረም፤ መርካቶ አሮጌ ተራ የወዳደቀ የቫልቭ መሰኪያ ነበር። ክፍላችን ከጨርቅ ሱቁ ጎን፣ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ቤት ናት። ውጭ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ይጮኻል፣ ነጋዴው ይጮኻል፤ እኛ እዚያ መሃል ቁጭ ብለን ጸጥታ እንሠራለን።

የማሞቂያ ሽቦ እንዴት እንደሚዘረጋ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከሁሉ በፊት የሚዘረጋው እሱ ነው። ከሥር፣ ከቆርቆሮው ጥግ ስለሚተኛ፣ በኋላ ስህተት ቢገኝበት ከላዩ ያለው ሁሉ ይፈርሳል። አንድ አረንጓዴና አንድ ቡናማ ሽቦ እኩል ይቆርጣሉ። ጫፉን መስኮቱ ብረት ላይ ያስሩና ወደ ኋላ እየሄዱ በጣታቸው ይጠመዝዙታል። ሌላው ባለሙያ ድሪል ላይ አስሮ ባንዴ ያሽከረክረዋል። እሳቸው ግን «ድሪል የት ጋ እንደላላ አይነግርህም፣ ጣት ይነግርሃል» ይሉ ነበር። ሁለቱ ሽቦዎች ጥብቅ ብለው ከተጠመዘዙ የአንዱን መመላለስ ሌላው ያጠፋዋል፤ የላሉበት ቦታ ላይ ነው ሃም የሚወጣው። ከትራንስፎርመሩ ተነሥተው መጀመሪያ ወደ ትልልቆቹ ቫልቮች፣ ከዚያ ሙዚቃው መጀመሪያ ወደሚገባባት ወደ ትንሿ ቫልቭ ይወስዱታል። እሷ ከሁሉም ይልቅ ትሰማለች። እሷ ጋ ሲደርሱ ወሬ ያስቆሙኛል። ሽቦው የመጨረሻዋን የጣት ስፋት እንኳ ሳይፈታ እስከ እግሯ ድረስ እንደተጠመዘዘ መግባት አለበት።

ሥራው ሲያልቅ ኮታቸውን አውልቀው፣ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ አድርገው እስከ ሃያ ይቆጥራሉ። ሃያ ሳይሞላ «ጸጥ ብሏል» ማለት እዚያ ክፍል ውስጥ ክልክል ነው። አንድ ቀን ለምን ሃያ፣ ለምን አሥር አይሆንም ብዬ ጠየቅኳቸው። የእህታቸውን ነገር ያጫወቱኝ ያን ቀን ነው።

እትዬ አስካለ ታላቅ እህታቸው ናቸው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው ጋሽ ውብሸትን ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ጋሽ ውብሸት ገና ሙያውን ሲማሩ የእህታቸውን ሬዲዮ ፈትተው ጠገኑና መለሱላቸው። «እንዴት ነው እትዬ?» ሲሏቸው «አንደኛ ነው፣ እጅህ ይባረክ» አሉ። ሬዲዮኑ ግን ሃም ነበረበት። ያን ጊዜ የጋሽ ውብሸት ጆሮ አልተማረምና አልሰሙትም።

«ሰባት ዓመት ሙሉ አጠገቧ እያጉረመረመ አዳመጠችው» አሉኝ። «እኔ ስመጣ ትከፍተዋለች፣ ስወጣ ራሷን እያመማት ትዘጋዋለች። ጎረቤት ነው የነገረኝ። እንዳይከፋኝ ብላ! ነግራኝ ቢሆን በአንድ ቀን አስተካክለው ነበር።»

እንግዲህ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አለፍ ሲል፣ ሞባይል በየሰው ኪስ መግባት ሲጀምር፣ የእትዬ አስካለ ዓይን ደክሞ ከቤት መውጣት ትተው ነበር። ቀኑን ሙሉ መዝሙር በካሴት መስማት ነው ሥራቸው። ጋሽ ውብሸት ማጉያ ልሥራላት አሉ። ከሞያሌ ወዲያ አዲስ አበባ ድረስ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ሊወስድላቸው ተስማማ። ሣጥኑን ራሳቸው ከእንጨት ሠሩ፣ ቆርቆሮውን ራሳቸው በሱ፣ ቫልቮቹን ለዓመታት ካጠራቀሙት ውስጥ አንድ በአንድ ፈትነው መረጡ። ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ ማጉያ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የተለፋበት አላየሁም።

የማሞቂያውን ሽቦ መዘርጋት የጀመርነው ረቡዕ ዕለት ነው። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይልማ መጡ። ኪሊማኒ ምግብ ቤት ያላቸው፣ የናይሮቢው እድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ኢስትሊ ድረስ መጥተው አያውቁም ነበር።

«ውብሸት የለም?» አሉኝ።

«ሉቱሊ ስትሪት ሄደዋል፣ ሬዚስተር ሊገዙ።»

«ጥሩ። በሩን ገርበብ አድርገው።» በርጩማ ስቤላቸው አልተቀመጡም። «አስካለ ትናንት ዐርፋለች። ዛሬ ተቀብራለች። ከአዲስ አበባ ለእኔ ነው የደወሉልኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተጠመዘዘ አረንጓዴና ቡናማ ሽቦ ተዘርግቶ ነበር። እሱን ነው ያየሁት።

«ግፊት አለበት፤ በሥራ ቀን፣ በመንገድ ላይ አይነገረውም» አሉ ጋሽ ይልማ። «እሑድ ጎህ ሲቀድ ሰብሰብ ብለን ቤቱ ሄደን እናረዳዋለን። እስከዚያ ከአንተ ጋር ነው የሚውለው፤ አፍህን ያዝ። ስልኩንም ነገር አደራ።»

ወግ ነው፤ በዚህ አልጣላም። እኔም አባቴ የሞቱ ጊዜ እንደዚያው ነው የተረዳሁት። ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ ሰዎች ነጠላ አዘቅዝቀው ሲገቡ ሳይነግሩኝ ዐወቅሁት። ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ታስቦ የተሠራ ደግ ወግ ነው። አራት ቀን መደበቅም ከባድ አልመሰለኝም። ያን ቀን ጋሽ ውብሸት ሬዚስተራቸውን በወረቀት ጠቅልለው እያፏጩ ሲገቡ ግን አንገቴን ደፍቼ ሽቦ መላጥ ጀመርኩ፤ የላጥኩት ለሥራው የማይሆን ሽቦ ነበር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ቅዳሜ ጋሽ ይልማ ዘንድ ሄጄ አንድ ሳምንት ይራዘም አልኳቸው። «አሁን ከነገርናቸው ማጉያውን አይጨርሱትም» አልኩ። «ቀብሩ አልፏል፤ ምን ይቀርባቸዋል? ጨርሰው አንድ ቀን እንኳ ደስ ይበላቸው።» ጋሽ ይልማ አገጫቸውን እያሻሹ «አንተ ነህ የምታውቀው» ብለው ለሚቀጥለው ቅዳሜ አዞሩት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያ ማጉያ ሲያልቅ ማየት የፈለግኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ እጄን ካስገባሁባቸው ሥራዎች ሁሉ እንደዚያ ያማረ አልነበረም፤ ተጀምሮ እንዳይቀር ፈራሁ። ለእሳቸው ያዘንኩ መስዬ ለሽቦ ነው ያዘንኩት።

ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይብሳል። ጋሽ ውብሸት ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ እህታቸው ይደውላሉ። እትዬ አስካለ ስልክ ስለሌላቸው ተከራያቸው ዘነበች የምትባል ሴት ናት የምታቀርብላቸው። እንግዲያው ቅዳሜ ለምሳ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ሞባይላቸውን ፈታሁና የማይክራፎኗን ብየዳ በመበየጃ ጫፍ ነቅዬ መልሼ ገጠምኩት። የተሰበረ ዕቃ ሳቃና የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጤነኛ ዕቃ ሰብሬ አላውቅም ነበር። አፍታም አልፈጀብኝ።

«ምን ሆኖ ነው? እኔ እሰማለሁ፣ እኔን ግን አይሰሙኝም» አሉ ማታ ለአንድ ደንበኛ ሊደውሉ ሲሞክሩ።

«ይተዉት ጋሼ፣ እኔ አየዋለሁ።»

«ሳትቸኩል እየው። እንዲያውም ጥሩ ነው። ዕቃው ሲያልቅ ነው አሁን የምደውልላት፤ በስልክ ጸጥታውን አሰማታለሁ።» ሳቁ። «ምንም የማይሰማ ነገር በስልክ የሚያሰማ ሰው ታውቃለህ? እኔ ነኝ!»

ስልኩን አጥፍቼ የተበላሹ ዕቃዎች መደርደሪያ ላይ፣ ወረቀት ለጥፌበት፣ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥኩት።

ሰኞ የእትዬ አስካለ ሰባተኛ ቀን ነበር። እኔ ዐውቃለሁ፣ እሳቸው አያውቁም። የመጨረሻውን ጥንድ ሽቦ መስኮቱ ላይ አስረው እየጠመዘዙ የልጅነታቸውን ዘፈን ዘፈኑ፤ ድምፃቸው መልካም ነበር። ዞር ብለው «አጨብጭብ እንጂ፣ ምን ያስተክዝሃል!» አሉኝ። አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ? ዘፈኑ እስኪያልቅ አጨበጨብኩ።

ያን የመጨረሻ ጥንድ ወደ ትንሿ ቫልቭ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ሰጥተውኝ አያውቁም። «ዛሬ አንተ ግጠመው፣ ደርሰሃል» አሉኝ። ለሦስት ዓመት የጠበቅኳት ቃል በዚያ ቀን መጣች። እጄ ሥራውን ሠራ፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም።

ቀሪውን ሥራ እስከ ሐሙስ ጨርሰን አበራነው። ቫልቮቹ ቀስ ብለው ፍም መሰሉ። ከስፒከሩም እምምም የሚል ድምፅ ወጣ። ጋሽ ውብሸት አልተቆጡም። ለዚህ ሥራ የሚያስቀምጧት ደረቅ፣ ቀጭን የእንጨት ዘንግ አለች፤ እሷን ይዘው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ ያዳምጡ ጀመር። ትንሿ ቫልቭ ጋ ደርሰው እኔ የገጠምኩትን ጥንድ ነካ ሲያደርጉት ድምፁ ቀነሰ። ለቀቁት፤ ተመለሰ። መጨረሻው ጋ ተፈትቶ ነበር፤ ደግሞም ከሙዚቃው ሽቦ ጋር ጎን ለጎን ተኝቷል።

«እጅህ ምን ሆኗል?» አሉኝ።

«ሆዴን አሞኝ ነበር ጋሼ።»

«ሆዱን ያመመው ሰው ሽቦ እንዲህ አያላላም» አሉና ፊቴን አዩት። «የሚያስብ ሰው ነው የሚያላላው። ቤትህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

ወጡና በብርጭቆ ዝንጅብል አስፈልተው ይዘውልኝ መጡ። ለሆድህ ጥሩ ነው ብለው አጠገቤ ቆመው እስከ መጨረሻው አስጠጡኝ። ያን ጊዜ ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ ብርጭቆውን አስቀምጬ፣ እዚያው። ግን አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረው አልኩ።

ዓርብ ጧት ከላይ ያለውን ሁሉ አፍርሰን ያን ጥንድ እሳቸው ራሳቸው እንደገና ዘረጉት። ወደ ቀትር ግድም ሲያልቅ ካማው የራሱን ዕቃ ሊወስድ መጥቶ ቆሞ ነበር። ማጉያው በራ። ጋሽ ውብሸት ኮታቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ አሉ፣ እስከ ሃያ ቆጠሩ። ከዚያ ደግመው እስከ ሃያ ቆጠሩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ምንም የለም» አሉ። «ምንም!»

ካማውም ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሀኩና ኪቱ፣ ምንም የለም፣ ምዜ። ይኼስ የጠፋ ነው የሚመስለው።»

«ስልክህን ስጠኝ እስቲ፣ እህቴ ጋ ልደውል። የእኔ ተበላሽቷል» አሉት ጋሽ ውብሸት።

«ቹኩዋ ቱ፣ ይውሰዱት» አለና ካማው ስልኩን ሰጣቸው።

«ጋሼ፣ ቆይ፣ ማታ ይሻላል፣ ኔትወርኩ...» አልኩ። አልሰሙኝም። ቁጥሩን በቃል ነው የሚያውቁት። ደወሉ፤ እንደተነሣ ገና «ሃሎ» ሳይባል ስልኩን ስፒከሩ ፊት ይዘው ጮኹ፦ «እትዬ! ስሚ እስቲ! ምን ይሰማሻል? ምንም አይደል?»

ውጭ እንኳ ያን ሰዓት ምሳ ነበርና ጋብ ብሏል። ማጉያው ጸጥ ብሏል። ከዚያች ትንሽ ስልክ የወጣው የዘነበች ድምፅ ለሦስታችንም ጥርት ብሎ ተሰማን።

«ጋሽ ውብሸት? እርስዎ ነዎት? ውይ በሞትኩት... እግዜር ያጥናዎት። ስልክዎ እምቢ ብሎን እኮ ነው። ነገ አሥራ ሁለቷን ልናወጣ እየተዘጋጀን ነው...»

ስልኩ እዚያው ስፒከሩ ፊት በእጃቸው እንደተያዘ ቆየ። ዘነበች ማልቀስ ጀመረች። ካማው አማርኛ ባይሰማም ለቅሶ ለቅሶ ነውና ቆቡን አወለቀ። ጋሽ ውብሸት መጀመሪያ ማጉያውን አጠፉ። ከዚያ ስልኩን ለባለቤቱ መለሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታውቅ ነበር?»

መደርደሪያው ላይ ያለውን ስልካቸውን አየሁ።

«ሰኞ ሰባቷ ነበር» አሉ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ። «ሰኞ ዘፍኛለሁ። አንተ አጨብጭበህልኛል።»

ከዚያ በኋላ እኔና ካማው ደግፈን አስቀመጥናቸው። ማታ እድርተኛው ተሰበሰበ፣ ጋሽ ይልማ ቤት ለቅሶ ተቀመጡ፣ ሰው አልተለያቸውም። እኔም ሦስቱን ቀን ስታዘዝ ዋልኩ። አላባረሩኝም፣ አላናገሩኝምም።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሥራ ሲመለሱ መጀመሪያ የሄዱት ወደ መደርደሪያው ነው። ሞባይላቸውን አንሥተው ወረቀቱን ላጡ፣ ፈቱት፣ በማጉሊያ መነጽር አንድ ጊዜ አዩት። የተሰበረ ብየዳና የተነቀለ ብየዳ ይለያያል፤ እንኳን እሳቸው ተማሪ ያውቀዋል። መበየጃውን አሙቀው በአንድ ጠብታ አስተካከሉትና ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እንደቆሙ ተናገሩ።

«ወጉን አላማሁም። ይልማን አልቀየምኩም። አንተ ግን የእጄ ልጅ ነህ። እህቴ ሰባት ዓመት ደበቀችኝ፣ አንተ ደግሞ እሷን ደበቅኸኝ። ከእንግዲህ የእኔ የሆነ ነገር ስትሰማ በሰማህባት ሰዓት ንገረኝ። መበየጃ በእጄ ቢሆን፣ እንጀራ በአፌ ቢሆን።»

«እሺ ጋሼ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጧቱ ኮታቸውን ሚስማሩ ላይ እየሰቀሉ «የደበቅኸኝ ነገር አለ?» ይሉኛል። «የለም ጋሼ» እላለሁ። ሰላምታችን እሱ ሆነ። ቀልድ መስሏቸው ሰዎች ይስቁ ነበር። እኔ አንድም ቀን አልሳቅኩም። ማጉያውን ነጋዴው አልወሰደውም፤ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ከጠረጴዛው ሥር ተቀመጠ። አንድ ሰው ልግዛው ቢላቸው ባለቤት አለው አሉት።

ሁለት ዓመት ያህል እንደዚህ ሠራን። ከዚያ መክሳት ጀመሩ፣ ምግብ አልወርድ አላቸው። ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። በቅጹ ላይ የቅርብ ዘመድ ተብዬ የተጻፍኩትም እኔው ስለሆንኩ ሐኪሙ ውጤቱን ለእኔ ነገረኝ። ለጋሽ ይልማ ደወልኩ። «በጭራሽ እንዳትነግረው» አሉኝ። «ጨጓራ ነው በለው። ተስፋውን አትቁረጥበት።»

ጋሽ ውብሸት ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። እዚያ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ነርሷ መጥታ መድኃኒት አስረዳችን። ወጥተን የኢስትሊ ማታቱ ውስጥ ገባን። የእነዚያን ማታቱዎች ሙዚቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ደረት ውስጥ ነው የሚመታው። «በሰማህባት ሰዓት» ያሏት ሰዓት እያለፈች ነው። ጆሯቸው ውስጥ አፌን አድርጌ፣ እየጮህኩ፣ የበሽታውን ስም ነገርኳቸው። ሐኪሙ ስንት ወር እንዳለም ነገርኳቸው። ለሰው ክፉ ወሬ የማይነገርበት ቦታ ቢኖር እዚያ ነው።

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ፓንጋኒ የሚባለውን ሰፈር ስናልፍ ተናገሩ።

«ይኼ ስፒከር ተቀዷል» አሉ፣ በአገጫቸው ከራሳችን በላይ ያለውን እያሳዩኝ። ቀጥለው እጄን ያዙኝ። «እሺ። አመሰግናለሁ።»

ሐኪሙ ካለው ትንሽ ጨምረው ኖሩ። በነዚያ ወራት የሚጽፉትን ጻፉ፣ ከተጣሉት ጋር ታረቁ፣ ንስሐ አባታቸውን ጠሩ፣ የመቃብራቸውን ቦታ ራሳቸው አይተው መረጡ። «ያችን ማጉያ አንተ ያዛት፤ ስትፈልግ አብራት» አሉኝ። በሞቱ ዕለት ለጋሽ ይልማ ስደውል እንኳ አላዘገየሁም። ማጉያዋን ግን በየጊዜው አውጥቼ አቧራዋን እጠርግና እመልሳታለሁ እንጂ ማብራት አልቻልኩም።

ባለፈው እሑድ ልጄ ሊያ «አባዬ፣ ይኼ ሣጥን መንገድ ዘግቷል፣ ወይ እንጣለው ወይ ዶኔት እናድርገው» አለችኝ። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ቋንቋዋ አማርኛ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ድብልቅልቅ ያለ ነው። ከፈትኩት። ሽቦዎቹን በመብራት ፈተሽኩ፤ ጋሽ ውብሸት የጠመዘዙት ከጥግ እስከ ጥግ እንዳለ ነው። ስፒከር አገናኝቼ አበራሁት። ቫልቮቹ ቀስ ብለው ቀሉ። ጎንበስ ብዬ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ምንም አልሰማም፤ የእኔ አለመስማት ግን ከእንግዲህ ምስክር አይሆንም።

«ሊያ፣ ነይ እስቲ። ድምፅ አለው?»

ከሶፋው ሳትነሣ «የለም አባዬ፣ ኢኮ ሳዋ፣ ደህና ነው» አለች። ቶሎ ነው ያለችው። ፊቷን አየሁት፤ ያን ፊት ዐውቀዋለሁ፣ ዐሥር ቀን ሙሉ እኔ ራሴ አድርጌው ነበር።

«ነይ፣ ጆሮሽን አስጠጊ። እስከ ሃያ ቁጠሪ። ከዚያ እውነቱን ንገሪኝ።»

መጣች። ፀጉሯን በእጇ ሰብስባ ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ሲቆጥር ይታየኛል። ቀና ስትል ወዲያው አላየችኝም።

«ትንሽ አለ» አለች። «እምምም ይላል። ትንሽ ነው ግን አባዬ፣ በጣም ትንሽ። ከሩቅ አይሰማም።»

«ከመቼ ጀምሮ ሰማሽው?»

«ገና እንዳበራኸው። ሶፋው ላይ ሆኜ። ሶሪ፣ እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

«እሺ» አልኳት። «አመሰግናለሁ።»

አጠፋሁትና ጠመንጃ መፍቻዬን ከካርቶኑ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁ። ጋሽ ውብሸት ሽቦ ይነኩባት የነበረችውን የእንጨት ዘንግም አገኘኋት። ነገ እሷ ታዳምጣለች፣ እኔ እነካለሁ። ሊያ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር።

«እያለቀስክ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።